መሮ የሌለው ጠራቢ

ዝናብ ነው እዚህ ጅማ፤ ቆርቆሮው ያወራል፣
የሱቄ በር አብጦ ለመዝጋት ይቸግራል፤
ዋንዛውም ውሃ ጠጥቶ ለመሮ አልመች ብሏል፤
ከጫማዬ ግን ዛሬም
ቀይ አሸዋ ይፈሳል።

ልጄ ናት የወሰደችኝ፣ ፈቲሃ፣ የድንጋይ መምህር፤
«ከመጋዝ ብናኝ ውጣ» ብላ፣
«ከአዌቱ ማዶም አለ አገር።»
ሁለት ቀን በሚኒባስ፣ ጉልበቴ እስኪደነዝዝ፣
ጊቤን ወርደን፣ ጊቤን ወጥተን፣
አረንጓዴው ከኋላችን እንደ ክር ሲመዘዝ፤
ከዚያ ዛፍ አለቀ።
ጥላ አለቀ። ወሬም አለቀ።

የፓርኩ በር ላይ አንድ ሰንሰለት፣ አንዲት ፍየል፣ አንድ ዘበኛ፤
ሎይታ ይባላል፤ ቃሉ ጥቂት፣ ሣቁ ግን የጎረቤተኛ።

አየሁ እኔ ሽማግሌው፣
አርባ ዓመት እንጨት የላግሁ፣
በርጩማ ቆሞ አየሁ፤
ከአንድ ቋጥኝ የወጣ፣ ሦስት እግር፣ አንድ መቀመጫ፣
ልክ እንደኛ ሥራ፣ ሚስማር የሌለበት፣ ያለ ሙጫ፤
ቁመቱ ግን እንደ ሚናራ።
አንዱ እንጉዳይ ባርኔጣ ደፍቶ፣ አንዱ የተኛ በሬ፣
አንዱን ግን ምን እንደምለው አላውቅም እስከ ዛሬ።
ወዲያ ደግሞ ቅስት ድንጋይ፣
በውስጡ ሰማይ ያንጠለጠለ፣
የመስኮት መቃን ይመስላል፣ ቤቱ ጥሎት የኮበለለ።

ዳበስኩት በአውራ ጣቴ፤ ሞረድ የበላው ይመስላል፣
ሻካራ የለው፣ ስንጥር የለው፤ ሳይታሰብ እጅ ይስባል።
«ማነው ጠራቢው?» አልኩ፤
ሙያ ካለበት ሳይጠይቅ ማን ያልፋል!
ፈቲሃ ስለ ሙቀትና ጨው፣ ስለ ሚሊዮን ዓመት
ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት
ሎይታ ቀድሟት ሣቀ፤ ሽርጡን ነፋስ አነሳለት፤
«ይኸው» አለ፣ «እየሠራ ነው።
ምሳም አይወጣ፣ እሑድም የለበት።»

ቀናሁ፤ አልዋሽም፤ በነፋስ ቀናሁ።
ቀጠሮ የሌለው፣ ቀብድ ያልበላ፣
አባ ዲጋ «ሠርጉ ደረሰ፣ በርጩማዬስ?» ብሎ
የማይጠብሰው በችኮላ!

ሎይታ ግን ክንዴን ይዞ ከቋጥኙ ጀርባ ወሰደኝ፤
ሁለት ጉቶ፣ መሐሉ ፍርስራሽ።
«አምና፣ ሌሊት ነው» አለኝ።
«ቀጭን ነበር፣ የሚያምር፣ እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው፤
ነፋሱ በቃ አላለም፤
ላገው፣ ላገው፣ ላገው፣
ጣለው።»

አባቴ ትዝ አለኝ፤ ያኔ፣ ጊንጆ ሰፈር፣
በመሮ እጀታ ጣቴን እየመታ እንዲህ ይል ነበር፦
«ማሳረፉንማ ማን ያጣል፤
ጠራቢ የሚባል
ማንሳቱን ሲያውቅ ነው።»
ያን ጊዜ እኔ አልገባኝም፤ ጣቴ ነበር የገባው።

ፈቲሃ በስልኳ ስታነሳ እኔ ፎቶ አላነሳሁም፤
የነፋስን ሥራ ተሸክሜ ወደ ጅማ መምጣት አልፈለግሁም።
(ጫማዬ ያመጣውን እንግዲህ እኔ አላውቅም።)

ዛሬ ጠዋት አጂፕ፣ ባንክ ቤት፤ ጣት አስነኩኝ መሣሪያ ላይ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ስድስቴ።
«አባባ፣ አሻራዎ የለም» አለች ልጅቱ፣
ስታይ፣ እንደገና ስታይ።
የት እንደሄደ አውቃለሁ፤ አርባ ዓመት በብርጭቆ ወረቀት
እኔ ዋንዛውን ስልግ፣ እርሱም እኔን ሲልግበት።

አሁን ዝናቡ ይወርዳል። የአባ ዲጋ በርጩማ ከፊቴ፤
ሦስተኛው እግር ላይ ትንሽ ጉብታ ቀርታለች፣
እጄን ትቆጠቁጠዋለች።
አንድ ምት፣ ግማሽ ምት። መሮዬ ከፍ እንዳለ፣
በሩም አልዘጋ እንዳለ፣
ነፋስ ገባ፤ ብናኙን ከጉልበቴ ላይ ወሰደ፣
ጉብታዋን ዳብሶ ሄደ።

«ለአንተ ትቼልሃለሁ» አልኩት።
መሮዬን ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት።